ጥያቄው የቅዳሜ ከሰዓት ነው፦ ስለ ልጅ ጉብኝት ለተሠራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ቢያንስ ከዘጠኝ ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው። አንዱ ወንድሜ ነው። አንዷ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከሥሩ «ይሄ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። ጸሐፊው አባት ናቸው። ከተፋቱ በኋላ ልጃቸውን ማየት አልቻሉም። የቀድሞ ባለቤታቸው «ይመታኝ ነበር፤ ልጁም ይፈራዋል» ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ችሎቱም ጉብኝቱን አገደ። ጽሑፉ ስድብ የለበትም። ኀዘን ነው ያለበት። ሰው ሁሉ የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ጠበቃ ነኝ። የቤተሰብ ጉዳይ መያዝ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ለእናቶችም ቆሜያለሁ፣ ለአባቶችም ቆሜያለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ሰውየውን አዘንኩላቸው፤ ክርክራቸውን ግን መቀበል አልቻልኩም።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ልጅ ወላጆቹን የማወቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ልጅን ከአባቱ መለየት አይችልም ይላሉ። ሕጉም ዳኞቹም ለእናት ያደላሉ ይላሉ። በወንጀል ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ሰው ልጁን ሊከለከል አይገባም ይላሉ። በፍቺ ጊዜ የሚነሳ የድብደባ ክስ አብዛኛው ውሸት ነው፣ ቤትና ቀለብ ለማግኘት የሚደረግ ነው ይላሉ። ለሚስቱ ክፉ የነበረ ባል ለልጁ ጥሩ አባት ሊሆን ይችላል ይላሉ። አባቱን አላይም የሚል ልጅ በእናቱ የተመከረ ነው ይላሉ። በመጨረሻም እንግሊዝን ምሳሌ አድርገው ያቀርባሉ፤ እዚያ ሕጉ ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ሕይወት እንዳይለዩ ያዛል፣ እኛም እንዲህ ያለ ሕግ እናውጣ፣ እስከዚያው ነገሩን ሽማግሌ ይያዘው ባይ ናቸው።

ከሕገ መንግሥቱ ልጀምር። አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ልክ ናቸው። ግን ያ መብት የማን ነው? የልጁ ነው። የአባት አይደለም፣ የእናትም አይደለም። ደግሞም አንቀጹ የሚያወራው ስለ እንክብካቤ ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ ፍርድ ቤቶች ልጅን የሚመለከት ነገር ሲወስኑ የልጁ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ጸሐፊው ንዑስ አንቀጽ አንድን ጠቅሰው ንዑስ አንቀጽ ሁለትን ዘለሉት። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም እንደዚሁ ነው። በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት አለው ካለ በኋላ፣ እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ሳይጨርሰው፣ ይህ የልጁን ጥቅም የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ብሎ ያክላል።

ይህ የወረቀት ወግ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ጉዳይ ወስኗል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ ከዓመታት በኋላ አባት መጥቶ ልጄን ስጡኝ ይላል። የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ይውሰድ አሉ። ሰበር ግን ሻረው። ወላጅነት ብቻውን አይበቃም፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። እዚያ መዝገብ ላይ የድብደባ ክስ እንኳ አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር ነው። ጸሐፊው «ሕጉ ራሱ ልጅን እስከ አምስት ዓመት ለእናት ይሰጣል» ይላሉ። ይሰጥ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው እንዲያ የሚለው፤ እሱም ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ብሎ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ያንን የአምስት ዓመት ነገር አውጥቶ ጣለው። አሁን በአንቀጽ 113 ዳኛው የሚያየው የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። እናት የሚል ቃል የለበትም፣ አባት የሚልም የለበትም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ እኔ የምናገረው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው ነው።

እርግጥ ሕጉ ሌላ፣ ልማዱ ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ለእናቱ ነው የሚል ስሜት ችሎት ውስጥ አለ። እኔም አይቻለሁ። ጥሩ አባት ይዤ ገብቼ፣ ማስረጃ ሳይሰማ ነገሩ ያለቀ የመሰለኝ ቀን ነበር። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ነገር ግን ልጅ ከማን ጋር ይኑር የሚለውና ማን በየስንት ቀኑ ይጎብኘው የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚታየው ማዘንበል በሁለተኛው ላይ አላየሁትም። በሁለተኛው ላይ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ዳኛው ክሱን ሰምቶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ «የሆነ ሆኖ አባት ነው» ብሎ ቅዳሜና እሑድን የሚጽፍበት ጊዜ ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው።

የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ይህ ግን የወንጀል ተከሳሽን ከእስር፣ ከቅጣት፣ ከወንጀለኛ ስም የሚጠብቅ ነው። ጉብኝት መገደብ ቅጣት አይደለም። የቤተሰብ ችሎት «ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ወይም መጠየቅ የለበትም። የሚጠይቀው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ይህ ልጅ ከዚህ ሰው ጋር ብቻውን ሲሆን ምን ይሆናል የሚለውን ነው። የወንጀል ዳኛ ያለፈውን ይፈርዳል። የቤተሰብ ዳኛ የሚመጣውን ይገምታል።

የልጆችዎ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር አንድ ጠዋት መጠጥ ሸተተዎት እንበል። አንዴም አይደለም፣ ሁለቴ። ሦስተኛ ቀን ልጅዎን ያሳፍራሉ? «ጠጥቶ በማሽከርከር ተፈርዶበታል ወይ?» ብለው መዝገብ ያስፈልጋሉ? አያደርጉትም። ሹፌሩን ጥፋተኛ አላሉትም፣ አላሰሩትም። ልጅዎን ብቻ አላሳፈሩትም። ጸሐፊው ራሳቸው አባት ናቸውና ይህን ያደርጉታል ብዬ አምናለሁ።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል፤ ለወንጀል ግን ጥርጣሬ የማያስቀር ማስረጃ ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149፣ ስለ ጉዳት ካሣ በሚናገርበት ቦታ፣ በወንጀል ችሎት ነጻ የተባለ ሰው በፍትሐ ብሔር ችሎት ኃላፊ ሊባል እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። ለገንዘብ እንዲህ ከሆነ፣ ለልጅ እንዴት ከዚያ የበለጠ ጥብቅ ማስረጃ ይጠየቃል?

ደግሞ ፍርድ የለም ማለት ነገሩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል መሆኑን ለይቶ ጽፎታል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ስንቱ በዚህ አንቀጽ ተከሶ እንደሚፈረድበት ጠይቁ። ድብደባው የሚፈጸመው በር ተዘግቶ ነው። ጎረቤት ሰምቷል፣ ለምስክርነት ግን አይመጣም። ሚስት ታመለክታለች፣ በሳምንቱ ዘመድ ተሰብስቦ ክሱን ያስነሳታል። ጣቢያም ብትሄድ «ሂዱና ታረቁ» የምትባልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ፍርድን እንደ መለኪያ ማስቀመጥ፣ ማንም የማይገባበትን በር «ክፍት ነው» እንደ ማለት ነው።

ውሸት ነው ወደሚለው ክርክር እዚሁ ልግባ፤ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና። ውሸት የሆነ ክስ አለ። ገጥሞኛል። አንድ ጊዜ የራሴን ደንበኛ «ይህን ማመልከቻ አልፈርምልሽም» ብዬ መልሻለሁ። ቤቱን ከማስለቀቅ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ቀኖቹ ከሕክምና ወረቀቷ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ ጸሐፊው ከሰማይ አውርደው አልተናገሩም። አብዛኛው ውሸት ነው ሲሉ ግን ያለ ምንም ማስረጃ ነው።

በካናዳ ለልጅ ጥበቃ ተቋማት የቀረቡ የልጅ በደል ጥቆማዎች አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎባቸዋል፤ መረጃው የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሆን ተብለው የተፈበረኩት ከጠቅላላው 4 በመቶ ሆነው ተገኙ። ወላጆች በልጅ ይገባኛል በሚካሰሱባቸው ጉዳዮች ላይ ቁጥሩ ወደ 12 በመቶ ከፍ ብሏል። 12 በመቶ ቀላል አይደለም፤ ዳኛ ሁሉንም ክስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበል የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያስታውስ። አብዛኛው ግን አይደለም። ያ ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል፦ ውሸት ፈብራኪዎቹ ይበልጡን ልጁ አብሯቸው የማይኖር ወላጆች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ ባመዛኙ አባቶች ናቸው። ልጁን የያዙት እናቶችና ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ከሁሉ ጥቂት የፈበረኩት። ይህን የጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

እሺ፣ ካናዳ ሩቅ ነው። ወደ ቤታችን እንምጣ። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ለማንም። ለእናታቸውም፣ ለንስሐ አባታቸውም። ገመናን መሸፈን የተማርን ሕዝብ ነን። ጸሐፊው ሴቶቻችን በትንሽ በትልቁ እየተነሡ ይከሳሉ ይላሉ፤ ቁጥሩ የሚነግረን ግን ሳይናገሩ የሚኖሩት እንደሚበዙ ነው። በፍቺ ጊዜ ክሱ ብቅ ማለቱም ለእኔ አያስገርመኝም። አብራው እየኖረች ብትከሰው ማታ የምትመለሰው ወዴት ነው?

ለሚስቱ ክፉ፣ ለልጁ ጥሩ የሚለው ነጥብ ብዙ ሰው የሚያምንበት ነው። ዳኛም ሲናገረው ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ።

የአንዲት እናት ጉዳይ ይዤ ነበር። ባልየው እሷን ይመታታል። ልጅቷን አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም፤ ይህን እናትየውም አልካደችም። ችሎቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ያለ ማንም ጠባቂ፣ እንዲወስዳት ፈቀደ። መረካከቢያው ታክሲ ተራ አጠገብ ያለች ካፌ ናት። አንድ ቅዳሜ እኔም ተገኘሁ፤ ሰውየው ዘግይቶ እያመጣት ክርክር ስለተነሳ ሰዓቱን ለማየት ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ሚሪንዳ ቀርቦላታል፣ አልነካችውም። ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። አንዴ አሰረች። በላዩ ደገመች። ከዚያ ሦስተኛ። «እንዲህ ከቋጠርሽው ማታ ማን ይፈታልሻል?» አልኳት፣ ለጨዋታ። ቀና ሳትል «ስሮጥ እንዳይፈታ ነው» አለችኝ።

አባቷ መጣ። ጥሩ ልብስ ለብሷል፣ አሻንጉሊት ይዟል። ፈገግ አለላት። እሷ ፊቱን አላየችም፤ እጆቹን ነው ያየችው።

ያ ሰው ልጁን አይወድም አልልም። ይወዳታል። ግን ልጅቷ እናቷ ስትመታ ከበሩ ጀርባ ቆማ ሰምታለች። ቤት ውስጥ ያለ ድብደባ ለሚያየው ልጅ የአባትና የእናት ጉዳይ አይደለም፤ የቤቱ አየር ነው። ከፍቺ በኋላ ደግሞ ሰውየው ሚስቱን የሚያገኝበት አንድ መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ እሱም ልጁ ነው። «እናትሽ ከማን ጋር ናት? ማታ ማን መጣ? ስልኳን አምጪልኝ።» ልጅ መላላኪያ፣ ልጅ ሰላይ ይሆናል። ሰባት ዓመት ላይ።

ልጁ ተመክሮ ነው ወደሚለው ስመጣ፣ እዚህም ግማሽ እውነት አለ። ልጃቸውን በአባቱ ላይ የሚያነሳሱ እናቶች አሉ፣ በእናቱ ላይ የሚያነሳሱ አባቶችም አሉ። ግን ልጅ እምቢ ሲል ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ተመክሮ፣ ፈርቶ፣ ወይም ቅዳሜ ኳስ ጨዋታ ስላለው። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው ያዩት። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ልጁን በመጠየቅ ነው፤ በማን፣ የት፣ እንዴት የሚለው ግን ዋና ነገር ነው። ልጅን ሁለት ወላጆች፣ ሁለት ጠበቆችና አምስት ባለጉዳይ በተቀመጡበት አቁሞ «ማንን ትወዳለህ?» ማለት መጠየቅ አይደለም። በወንጀል ጉዳይ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጁ ለሕፃናት ተስማሚ የሆኑ ችሎቶች አሉን፤ ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ በባለሙያ በኩል ይናገራል። እዚያ የተማርነውን ወደ ቤተሰብ ችሎት ብናመጣው፣ የተመከረ ልጅም ይለያል፣ የፈራ ልጅም ይለያል። የተመከረ ልጅ ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ቃል ነው የሚያወራው። የፈራ ልጅ ስለ ጫማው ማሰሪያ ያወራል።

እንግሊዝን በተመለከተ ግን ጸሐፊው የጠቀሱት ምሳሌ በራሳቸው ላይ ይመሰክርባቸዋል።

እውነት ነው፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሕፃናት ሕግ ላይ በ2014 አንድ ድንጋጌ ተጨመረ። ተቃራኒው ካልታየ በቀር፣ ሁለቱም ወላጆች በልጁ ሕይወት ውስጥ መሳተፋቸው ለልጁ ይጠቅማል ተብሎ ይገመታል የሚል ነው። ይህ ራሱ ጸሐፊው እንዳሉት ያለ ልክ አይደለም፤ «ተቃራኒው ካልታየ» ይላል፣ እኩል ጊዜ ይሰጥም አይልም። ያም ሆኖ ምን ሆነ? ድንጋጌው በሥራ ላይ በዋለበት በዚያው ወር፣ በጥቅምት 2014፣ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ፔኒስቶን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ አባት ሁለት ወንድ ልጆቹን ገደለ። አንዱ 12፣ ሌላው 9 ዓመቱ ነበር። አዲስ የባቡር መጫወቻ ገዝቻለሁ ብሎ ወደ ጣሪያው ሥር ክፍል አወጣቸውና ቤቱን በእሳት አቃጠለው። ልጆቹ እሱ ጋ የነበሩት በጉብኝት ሰዓት ነው። እናታቸው ሰውየው አደገኛ ነው ብላ አስቀድማ ተናግራ ነበር።

ያ ሞት በአዲሱ ድንጋጌ የመጣ ነው አልልም፤ ውሳኔው ከዚያ በፊት የነበረ ነው። የድሮውም አሠራር ያው ጉብኝት ይቅደም የሚል እንደነበር ግን ያሳያል። በ2020 የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ጉዳዩን አጥንቶ ሪፖርት አወጣ። በቤተሰብ ፍርድ ቤቶቹ ውስጥ በማንኛውም መንገድ ጉብኝት ይኑር የሚል ባህል ሰፍኗል፣ የጥቃት ክሶች እየተናቁ ይታለፋሉ፣ የልጆች ድምፅ አይሰማም አለ። የተገደሉት ልጆች እናት ለዓመታት ከታገለች በኋላ፣ በጥቅምት 2025 የእንግሊዝ መንግሥት ያንን ድንጋጌ እሽረዋለሁ ብሎ አስታወቀ። እነሱ ሊጥሉት የወሰኑትን ነው ጸሐፊው እኛ እናምጣ የሚሉን።

አሜሪካም ብትሄዱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ፍርድ ቤት በፈቀደው ጉብኝት ላይ በአባቷ ተገደለች። በ2022 ኮንግረሱ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በሚመለከተው ሕግ ውስጥ በስሟ የሚጠራ ክፍል አስገባ፤ የልጅ ጉዳይ የሚያዩ ዳኞች ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት እንዲሠለጥኑ ግዛቶችን የሚያበረታታ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ መልሱ ያው እዚያው አንቺ ጋ ነበር።

ሽማግሌ ይያዘው የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ሽማግሌ እወዳለሁ። ንብረት ያስማማል፣ ቀለብ ያስማማል፣ የተኮራረፉ አያቶችን ያስታርቃል። ከ1992 ዓ.ም. በፊት ፍቺውንም ልጁንም የሚወስነው የቤተዘመድ ሽማግሌ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው፤ ማስታረቅ ደግሞ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ነው። አጥንቷ የተሰበረ ሴት ምኑን ነው የምትተወው? ልጁስ ምኑን?

እስካሁን ጸሐፊውን ስሞግት ቆየሁ። አሁን ትክክል የሆኑበትን ልናገር፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉብኝታቸው ከታገደ በኋላ ቀጠሮ እየተራዘመ ስምንት ወር እንደሞላቸው ጽፈዋል። አንዴ ዳኛ አልተሟላም፣ አንዴ መዝገቡ አልወጣም፣ አንዴ ተጠሪ አልቀረበም። ይህ አሳፋሪ ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ስምንት ወር ዕድሜ ነው፤ አባቱን ይረሳዋል። ክሱ እውነት ከሆነ ልጁ ሌላ ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ማንም የማይመልሰው ጊዜ ጠፋ። የድብደባ ክስ ያለበት የጉብኝት መዝገብ በሳምንታት ውስጥ ማስረጃው ሊሰማ ይገባል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እፈርማለሁ።

ግን የተበደሉት ዳኛው ክሱን ስለሰማ አይደለም። ዳኛው በእጁ ሁለት ቁልፍ ብቻ ስላለው ነው፦ መክፈት ወይም መዝጋት። ልጅ አባቱን ባለሙያ ባለበት የሚያይበት ማዕከል ቢያዝለት የት ይልከዋል? የቤቱን ሁኔታ አይቶ ሪፖርት የሚጽፍ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቢያዝ፣ ባለሙያው የስንት ሺህ መዝገብ ነው? ተደብዳቢዋን ከወንጀል ክስ ውጭ የሚጠብቅ፣ አትቅረባት የሚል የፍትሐ ብሔር የጥበቃ ትዕዛዝ የሚሰጥበት ራሱን የቻለ ሕግ የለንም። መረካከቢያው ወይ ካፌ ነው፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ፖሊስ ጣቢያ! ልጁ አባቱን ለማየት የታሠሩ ሰዎች ባሉበት ግቢ ያልፋል። ይሄ ሁሉ በሌለበት ጠንቃቃ ዳኛ ይዘጋል፣ ደፋር ዳኛ ይከፍታል። የጸሐፊው ዳኛ ጠንቃቃ ነበር። የዚያች ልጅ ደፋር ነበር።

ስለ እሷም መዝገብ ልጨርስ፤ እየጠየቃችሁ ባትሄዱ ይሻላል። ትዕዛዙ እንዲሻሻል አመለከትን። አንቀጽ 113 ሁኔታ ሲለወጥ ዳኛው ውሳኔውን መልሶ እንዲያየው ይፈቅዳል። ጉብኝቱ ይቅር አላልንም። አጎቷን፣ የአባቷን ታላቅ ወንድም፣ አነጋግረን ነበር፤ ባለቤቱ መምህርት ናት፣ ረጋ ያለች ሴት። ዳኛው ጉብኝቱን ወደ እነሱ ቤት አዛወረው። ሦስት ሰዓት፣ መምህርቷ ባለችበት፣ አዳር የለም። የምታመጣትና የምትመልሳትም እሷው ናት፤ እናትና አባት እንዳይገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ይታያል ተባለ።

አባትየው ተቆጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀረ። በሁለተኛው መጣ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ ግን መምጣት ጀመረ። መምህርቷ ለችሎቱ በጻፈችው አንድ ገጽ ላይ አምስተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱ ዳማ ሲጫወቱ እንደነበር፣ ልጅቷ አሸንፋ እንደሳቀች ጽፋለች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስለ እናቷ ጠይቋት መምህርቷ እንዳስቆመችውም ጽፋለች። ሁለቱንም ጽፋለች።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ጠበቃው ሰዓቱ ይጨመርልኝ ብሎ አመለከተ። እኛ አልተቃወምንም፤ ቤቱ ያው ይሁን፣ መምህርቷም ትኑር አልን። ዳኛው አምስት ሰዓት አደረገው። ያን ዕለት ልጅቷን ባለሙያዋ አነጋግራት ከክፍሉ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። እግሯን አየሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ነጠላ ጫማ አድርጋለች። መዝገቡ ለጥር ተቀጥሯል።